ጀርመንን ከሞስኮ የመለሰው ብርድ ብቻ ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሂትለር ጦር ሶቭየት ኅብረት ላይ የከሸፈው በብርድ ነው ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው? ያን የሚያህል ጦር የብርድ ልብስ ሳይዝ እንዴት ሄደ?
(አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ልጄ፣ እኔ የተማርኩት ታሪክ ሳይሆን የመኪና ጥገና ነው፣ ቤላሩስ፣ ሚንስክ ከተማ። ብርዱን ግን በደንብ አውቀዋለሁ። ከአዲስ አበባ ስሄድ ልክክ ያለ ጫማ ገዝቼ ነበር። የማደሪያችን ጠባቂ፣ ጦርነቱን በልጅነታቸው ያዩ እናት፣ ሲያዩት ሳቁብኝ። “ሰፋ ያለ ግዛና እግርህን በጨርቅ ጠቅልል” አሉኝ። ለካ የጀርመን ወታደርም ጫማው እንደኔው ጠባብ ነበር። ሶሉ ላይ ደግሞ የብረት ሚስማር አለው። ብረት ቅዝቃዜውን ቀጥታ ወደ እግር ነው የሚያስገባው።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ጦሩ የገባው እ.ኤ.አ. ጁን 22 ቀን 1941 ነው። በእኛ ሰኔ 15 ቀን 1933፣ ጃንሆይ አዲስ አበባ በገቡ በወር ተኩሉ መሆኑ ነው። ከ3 ሚሊዮን በላይ ወታደር ነበር። የሚወራው ስለ ታንኩ ነው እንጂ አብዛኛው በእግሩ ነበር የሚኳትነው። ከ600 ሺህ በላይ ፈረስም ይዘው ነበር። ዕቅዳቸው ቀይ ጦርን (የሶቭየቱን ሠራዊት) ዲኔፐር ወንዝ ሳይሻገር በሳምንታት ውስጥ መጨረስ ነበር። የብርድ ልብስ የታሰበው ከድሉ በኋላ እዚያ ለሚቀረው ጦር ብቻ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ሀዲዱ ነው። የሶቭየቱ ስፋት 1,524 ሚሊሜትር፣ የጀርመኑ 1,435። ልዩነቱ 9 ሴንቲ አይሞላም! ባቡሩ ግን አያልፍም። እየነቀሉ ማጥበብ ነበረባቸው። እስከዚያ በመኪና ይጫን ተባለ። መኪናው ደግሞ ከተያዙት የአውሮፓ አገሮች የተለቃቀመ፣ ዓይነቱ የትየለሌ። የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው አይሆንም። ጋራዥ የሠራ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ኦገስት ላይ ሂትለር ከሞስኮ አቅጣጫ ታንክ ቀንሶ ወደ ኪየቭ አዞረ። ኪየቭ ተያዘች፣ ጊዜው ግን ሄደ። ሴፕቴምበር ሲያልቅ፣ ገና በረዶ ሳይወርድ፣ ከ500 ሺህ በላይ ሰው ሞቶባቸው፣ ቆስሎባቸውና ጠፍቶባቸው ነበር። ኦክቶበር ላይ ወደ ሞስኮ ሲገሰግሱ ዝናብ መጣ፤ መንገዱ ሁሉ ማጥ ሆነ።

ብርዱ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ደረሰ። የሞተር ዘይት ረጋ። ታንክ ለማስነሳት ከሥሩ እሳት ያነዱ ነበር፤ እኔም ሚንስክ ሾፌሮች እንዲያ ሲያደርጉ አይቻለሁ። የጀርመን ባቡሮች የውሃ ቱቦ ከውጭ ስለነበር እየቀዘቀዘ ይፈነዳ ነበር። የተላከው ካፖርትም ፖላንድ ተከማችቶ ቀረ። ባቡሩ ለጥይትና ለነዳጅ እንኳ አልበቃማ!

ዲሴምበር 5 ቀይ ጦር ሞስኮ ደጃፍ ላይ መልሶ ማጥቃት ጀመረ። ዲሴምበር 20 የሂትለር የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር ጎብልስ የጀርመንን ሕዝብ ለወታደሩ የሙቀት ልብስ አዋጡ ብሎ ለመነ። እኚያ እናት “ብርድ አሸነፋቸው” ሲባል ይቆጡ ነበር። “እኛንስ አይበርደንም ነበር እንዴ?” ይላሉ።

እ.ኤ.አ. በ1942 ጀርመን ያንን ብርድ ላሳለፉ ወታደሮቿ ሜዳሊያ ሰጠች። ወታደሮቹ “በረዶ የሆነ ሥጋ ኒሻን” ብለው ሰየሙት።