መኪናው ከመምጣቱ በፊት ቆጣሪው ይታይ

ጅማ፣ ጅሬን የሚኖሩ አንዲት መምህርት እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦ «የማስተምረው ሰርቦ ነው፤ ደርሶ መልስ 40 ኪሎ ሜትር ግድም እጓዛለሁ። በክረምት ዝናብ ላይ ቆሜ ታክሲ መጠበቅ አቅቶኛል። በቁጠባና በብድር ያሰባሰብኩት ገንዘብ ለአንድ አዲስ ቢዋይዲ ሲጋል የኤሌክትሪክ መኪና ወይም ላገለገለ የቤንዚን ቪትዝ ይሆነኛል። ሻጩ በአንድ ቻርጅ 405 ኪሎ ሜትር ይሄዳል አለኝ። ወንድሜ ደግሞ መብራት እየጠፋ ኤሌክትሪክ መኪና ምን ያደርግልሻል ይላል። የቱን ልግዛ?»

እህቴ፣ መልሴን ላስቀድም፤ ለእርስዎ መንገድ ኤሌክትሪኩ ይሻላል። ነገር ግን ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት መኪናው የሚያድርበትን ግቢ የመብራት መስመር ያስፈትሹ። ይህን ሳያስደርጉ ከሚገዙ ቪትዙን ቢይዙ እመርጣለሁ።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጥር ጀምሮ ስለተከለከለ፣ በእርስዎ አቅም «አዲስ መኪና» ሲባል ኤሌክትሪክ ማለት ሆኗል። ለጅማ ደግሞ አንድ ጥቅም አለው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። እዚህ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ስድስተኛ እጅ ያህል ያጣል። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚያስወጣው ዳገት አራት ሰው የጫነች አንድ ሺህ ሲሲ ቪትዝ የምትጮኸው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ ከፍታው ጉልበቱን አይነካበትም። ቁልቁል ሲወርዱ ደግሞ ከዳገቱ ኃይል የተወሰነውን ለባትሪው ይመልሳል፤ የፍሬን ሸራም ይቆጥባል።

አሁን ወደ 405 ኪሎ ሜትሩ። ቁጥሩ በቻይና መለኪያ የወጣ ነው፤ መለኪያው ለስለስ ባለ አነዳድ የተሠራ ስለሆነ በእኛ መንገድ አይደረስበትም። ለደንበኞቼ ሁልጊዜ ሦስተኛውን እጅ ቀንሱ እላለሁ። 270 ይቀራል። ባትሪው ከ20 በመቶ በታች ሳይወርድ ለመጠቀም ካሰቡ 215 ያህል ብለው ይያዙት። በቀን 40 ኪሎ ሜትር ከሆነ ከሰኞ እስከ ዓርብ ያመላልስዎታል ማለት ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ መብራት ባይኖር እንኳን። ለወንድምዎ ይህን ስሌት ያሳዩአቸው።

ሲጋል ግን በሁለት ዓይነት ባትሪ ይመጣል። 405 የሚባለው 38.88 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዘው ነው። ትንሹ 30.08 ሲሆን 305 ይባልለታል፤ በእኔ ስሌት አራት ቀን ቢያደርስዎ ነው። ከውጭ ሲታዩ መንታ ስለሚመስሉ በሻጭ ቃል አይመኑ፤ የባትሪው መጠን ሰነዱ ላይ በቁጥር ተጽፎ ይዩት። ዋጋው ቢወደድም ትልቁን ይውሰዱ፤ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ልዩነቱን በየሳምንቱ ያዩታል።

ለ40 ኪሎ ሜትር የሚፈጀው ከ5 እስከ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢሆን ነው። አብሮት የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር በ10 አምፔር ሲሠራ በሰዓት 2.2 ያህል ይሰጣል። ስለዚህ የቀኑን ለመመለስ ሦስት ሰዓት ይበቃል፤ ማታ አራት ሰዓት ቢሰኩት ከእኩለ ሌሊት ብዙም ሳያልፍ ይጨርሳል። ቆጣሪዎ ይህን ይችላል። የማይችለው አብዛኛውን ጊዜ ከቆጣሪው እስከ መኪናው ያለው ሽቦ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛ መኪናው ቻርጅ አልቀበል አለኝ ብሎ ቤቱ ወሰደኝ። ቻርጀሩን የሰካው በመስኮት በወጣ ማከፋፈያ ላይ ነበር። ስነቅለው አንደኛው ጥርስ ጠቁሯል፤ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ እንደ ሰም ቀልጦ ተጣብቆበታል፤ የተቃጠለ ሽታው ከክፍሉ አልወጣም። የግድግዳውን ሶኬት ፈታሁት። ብሎኑ ላልቷል፣ የመጣው ሽቦም ለአምፖል የሚዘረጋው ቀጭኑ፣ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። 10 አምፔር ለአፍታ ቢያልፍበት ምንም አይለውም። ሌሊቱን ሙሉ ሲያልፍበት ግን የላላው ብሎን ይግላል፣ ሲግል ይበልጥ ይላላል፣ ሲላላ ይበልጥ ይግላል። ቤቱ የተረፈው መብራት በመጥፋቱ ነው።

ከዚህ የባሰውን ያየሁት ግን ሽቦውን ስከታተል ነው። መጀመሪያ ሲሰካው ቻርጀሩ ቀይ አብርቶ እምቢ ብሎት ነበር፤ የቤቱ ሶኬት ሦስተኛ ቀዳዳ ኤርዝ (ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ) የለውም፣ ሽቦው ከየትም አልተያያዘም። አንድ የሚያውቀው ሰው መጥቶ ኤርዙን ከኒውትራሉ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ምሰሶው ከሚመለስበት ሽቦ ጋር በአጭር ሽቦ አገናኘለት። ቀዩ ጠፋ፣ ቻርጁ ያዘ፣ ሰውየውም ተደስቶ ከፈለው። እህቴ፣ ይህን ማንም ቢያቀርብልዎ ከግቢዎ ያስወጡት! በዚህ አሠራር ከምሰሶው የሚመጣው ኒውትራል አንድ ቀን ቢላላ ወይም ቢበጠስ የመኪናው ቆርቆሮ በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል። ጎማው ላይ የቆመ ስለሆነ ማንም አያውቅም፤ በዝናብ፣ በባዶ እግሩ፣ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ በር ሊከፍት እጁን የሚዘረጋ ልጅ እስኪነካው ድረስ። የዚያን ቀን ሽቦውን ቆርጬ ጣልኩትና ኤርዝ እስኪቀበር ድረስ እንዳትሰካው አልኩት። ተቀይሞኛል። እኔ ግን ዛሬም ቢሆን እቆርጠዋለሁ።

ስለዚህ ለኤሌክትሪሺያንዎ የሚነግሩት ይህ ነው፦ ከቆጣሪው ቀጥታ ለመኪናው ብቻ የሚሆን ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ መሀል ላይ ሳይቀጠል፤ የራሱ ባለ 20 አምፔር ብሬከርና ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያመልጥ የሚያጠፋ የሊኬጅ ብሬከር፤ ዝናብ የማያገኘው ጠንካራ ባለ 16 አምፔር ሶኬት፤ እና ለኤርዙ አዲስ የተቀበረ የመዳብ ዘንግ። የተከራዩ ከሆነ አከራይዎን አስቀድመው ያስፈቅዱ፤ ወጪው የማን እንደሆነም ይነጋገሩ። ይህን ገንዘብ ከመኪናው ዋጋ ጋር አብረው ይቁጠሩት።

መኪናውን ሊያዩ ሲሄዱ ብቻዎን አይሂዱ። አራት ሰው ይዘው ይሂዱ፤ ከሦስቱ ጋር አብረው ይሳፈሩና አራተኛው ከታች ጎንበስ ብሎ በማስመሪያ ይለካ። ባትሪው ወለሉ ሥር ነው የተነጠፈው። አራት ሰው ጭኖ ከመሬት እስከ ዝቅተኛው ቦታ ከ13 ሴንቲ ሜትር ካነሰ የፍጥነት መቀነሻውን ጉብታ ሁሉ ሆዱ እየላሰ ነው የሚያልፈው፤ ከዋናው አስፋልት ወደ ቤትዎ የሚያስገባው ድንጋያማ መንገድ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። እንዲህ ከሆነ ትንሽ ከፍ ያለ ሌላ ሞዴል ይፈልጉ፤ ለሲጋል ብለው ባትሪ አያስቧጭሩ። የኋላውን ክዳንም ያስከፍቱ። ብዙዎቹ አዳዲስ ኤሌክትሪኮች ስኮርት ጎማ የላቸውም፤ በምትኩ መንፊያና ማጣበቂያ ፈሳሽ ነው የሚሰጡት። ጎኑ ለተቀደደ ጎማ ያ ምንም አይሠራም። በልኩ አንድ ጎማ ከነቸርኬው እንዲጨምሩልዎ ይደራደሩ፤ ክሪክም አይርሱ።

የቻርጅ መሰኪያውንም ክዳኑን ከፍተው ይዩ። ለቻይና ገበያ የተሠራው ሁለት የተለያዩ ክብ መሰኪያዎች አሉት፤ አንዱ ለቤት፣ አንዱ ለፈጣን ቻርጅ። የአውሮፓው አንድ ላይ የተያያዘ ሆኖ ከሥሩ ሁለት ወፋፍራም ቀዳዳዎች አሉት። የትኛውም ይሁን፣ አንዱን ይዞ ሌላው ጣቢያ ላይ ያለ አዳፕተር መሰካት አይቻልም፤ ስለዚህ እዚህ ያሉት ባለመኪኖች የሚጠቀሙበትን ይምረጡ፣ ገመድ መዋዋስም ይቻላል። ስክሪኑን ደግሞ ገንዘብ ሳይከፍሉ በፊት ከቻይንኛ ወደሚያነቡት ቋንቋ ይቀይሩልኝ ይበሉ። «በኋላ እንቀይርልዎታለን» የተባለ ደንበኛ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ እኔ ጋ ሲመጣ አውቃለሁ፤ እኔም አላነበው።

ዋስትናው በጽሑፍ ይሁን። ወርክሾፑ አዲስ አበባ ከሆነ መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መኪናው ቢቆም ማን አጓጉዞ ይወስደዋል የሚለው ውሉ ላይ ይግባ። በገመድ እጎትትልዎታለሁ የሚል ከመጣ አይፍቀዱ። የሚነዱት ጎማዎች መሬት እየነኩ ከተጎተተ ሞተሩ ይበላሻል፤ መጫን ነው ያለበት። ጭራሽ አልነሳ ካለዎት ግን ከመደንገጥዎ በፊት ትንሿን የ12 ቮልት ባትሪ ያስለኩ። እኔ ጋ «ሞተ» ተብሎ የመጣ ሁሉ ትልቁ ባትሪ ደህና ሆኖ ትንሿ የደከመች ነበረች።

አዲስ አበባ ለመሄድ ካሰቡበት ሲጋሉ የከተማ መኪና መሆኑን አይርሱ። ከጊቤ ድልድይ ወደ ወልቂጤ ሲወጡ ከ700 ሜትር በላይ ከፍታ ነው የሚገፉት፤ ያ ዳገት ብቻ ሜዳ ላይ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የሚያስኬድ ኃይል ይበላል። መንገድ ላይ ቻርጅ የሚያደርጉበትን ቦታ በስልክ አረጋግጠው ካልሆነ በአውቶቡስ ይሂዱ።

የቤቱ መስመር ካልተስተካከለልዎትና ቪትዙን ከመረጡ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ በጠዋት ሄደው ይዩት። ሻጩ አሙቆ ከጠበቀዎት ይመለሱና በሌላ ቀን ይምጡ። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት ይበላል፤ በዳገት ካምቢዮው ከተንቀጠቀጠ ይተዉት። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያመሳክሩ፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለበትም መንገድ ትራንስፖርት ሄደው ያጣሩ።

ስለ ኤርዙ አንድ ነገር ቀርቶኛል። ዘንጉ በክረምት ከተለካ የጅማ አፈር ውሃ ጠጥቶ ስለሚቆይ ቁጥሩ ሁልጊዜ ያማረ ነው። ኤሌክትሪሺያንዎ ዛሬ ከ10 ኦም በታች ቢያገኝም (ቁጥሩ ሲያንስ ነው የሚሻለው) በየካቲት፣ አፈሩ ሲደርቅ፣ ተመልሶ እንዲለካልዎ ከክፍያው ጥቂት ያስቀሩበት።