መልስ፦ ፍየሎቹ የሚበሉት ነጭ አበባ ምንድን ነው?

ወንድሜ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ፍየሎችህ በሚውሉበት ጫካ ዳር ሰሞኑን ነጭ አበባ ያወጣው ተክል ምን እንደሆነ ጠይቀሃል። ከፎቶው እንደማየው ኋይት ስኔክሩት ይመስላል። መርዛማ ነው። ፍየሎቹን ዛሬውኑ ከዚያ አውጣቸው፤ ወተታቸውንም ለልጆች እንዳትሰጥ። ባፈላውስ አትበል።

ጓንት አድርገህ አንዱን ቅርንጫፍ ያዝና ቅጠሎቹን እይ። ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይበቅላሉ። ሰፋ ያሉ፣ ጫፋቸው የሾለ፣ ዳራቸው እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ነው። እያንዳንዱ ቅጠል ከግንዱ ጋር የተያያዘው በራሱ ቀጭን እግር ነው። ይህንን ደጋግመህ አረጋግጥ። ቦንሴት የሚባለው ተመሳሳዩ የቅጠል እግር የለውም፤ ሁለቱ ቅጠሎች ስለሚጋጠሙ ግንዱ መሃላቸውን በስቶ የወጣ ይመስላል። የስኔክሩት አበባ ደግሞ ጥቃቅን፣ ክር ክር ያለ፣ ንጹሕ ነጭ ነው።

መርዙ ትሬሜቶል ይባላል። የሚያስፈራው በወተት ማለፉ ነው። የአብርሃም ሊንከን እናት ናንሲ በፈረንጆቹ 1818 ኢንዲያና ውስጥ የሞተችው በዚሁ የወተት በሽታ እንደሆነ ይታመናል። ሊንከን ያኔ የ9 ዓመት ልጅ ነበር።

ታጭዶ ቢደርቅም መርዙ ስለማይጠፋ ከድርቆሽ ጋር እንዳይቀላቀል። በየዓመቱ ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ ከነሥሩ ንቀለው። የምትንቀጠቀጥ ወይም መራመድ ያቃታት ፍየል ካለች አታሯሩጣት፣ ቶሎ የእንስሳት ሐኪም ጥራ። ልጆቹ ወተቱን ጠጥተው ከሆነ ግን ምልክት እስኪታይ አትጠብቅ። የመርዝ መረጃ ማዕከሉ ስልክ 1-800-222-1222 ነው፤ ሌሊትም ይሠራል፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ትችላለህ።