ባርሴሎና ሜሲን ሸኝቶ በዓመቱ እንዴት ተጫዋች ገዛ?

«ክለባችን እ.ኤ.አ. በ2021 ሜሲን ማስመዝገብ ካቃተው በ2022 ሌቫንዶቭስኪን፣ ራፊንያንና ኩንዴን በምን ገንዘብ ገዛ?» ብለው ለጠየቁት የማውቀውን ልመልስ።

የስፔን አንደኛ ሊግ የሆነው ላ ሊጋ ለተጫዋቾች የሚፈቅደው የወጪ ጣሪያ (ከእርሱ ያለፈ ክለብ ተጫዋች ማስመዝገብ ይቸግረዋል) የሚሰላው ክለቡ በባንክ ባለው ገንዘብ ሳይሆን፣ ከሚጠበቀው ገቢ ላይ ከተጫዋቾች ውጭ ያሉ ወጪዎችና የዕዳ ክፍያ ተቀንሰው በሚቀረው ነው። በዚህ ጣሪያ ሥር የሚገባውም ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ በ50 ሚሊዮን ዩሮ ተገዝቶ የአምስት ዓመት ውል የፈረመ ተጫዋች በየዓመቱ 10 ሚሊዮን ዩሮ ሆኖ ከደመወዙ ጋር ይደመራል። የክለቡ ፕሬዚዳንት ላፖርታ በነሐሴ 2021 እንደገለጹት፣ ሜሲ ቢቆይ የደመወዝ ወጪው የገቢውን 110 በመቶ ይደርስ ነበር፤ ያለ እርሱ እንኳ 95 በመቶ ነበር። ሜሲ በስንብቱ ዕለት ገና ሳይናገር ሲያለቅስ፣ ባለቤቱ ከፊት ወንበር ተነሥታ ሶፍት ስታቀብለው ያየሁት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

በ2022 የተለወጠው ሕጉ ሳይሆን ገቢው ነው። ክለቡ ከሊጉ የቴሌቪዥን መብት ገቢው 25 በመቶውን ለ25 ዓመታት ሸጠ፤ ሽያጩ እንደ ገቢ ተመዝግቦ ጣሪያውን ከፍ አደረገው። ስለዚህ ሊጉ አዳልቷል የሚለውን አልቀበልም፤ ጥፋቱ ከአቅም በላይ ውል ያስፈረሙት የቀድሞ አመራሮች ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን፣ ገና ያልተወለዱ ደጋፊዎች የሚደርሱበት ገቢ ለአንድ ክረምት ግዢ መዋሉ ነው።