የእሳተ ገሞራ አመድና የምድጃ አመድ

ከኮምቦልቻ የጠየቁት ወንድሜ፣ «ከአፋር የሚነሣ የእሳተ ገሞራ አመድ እኛ ዘንድ ቢደርስ ከምድጃ አመድ በምን ይለያል? የዝናብ ውኃ በርሜሌንስ ምን ላድርግ?» ብለዋል።

የሚመሳሰሉት በስም ብቻ ነው። የምድጃው የተቃጠለ እንጨት ነው፤ ይህኛው የደቀቀ ድንጋይና መስታወት ነው። በጣት ሲያሹት እንደ ደቃቅ አሸዋ ይከረክራል፤ ውኃም አያሟሟውም። ስለዚህ ዓይንዎ ውስጥ ከገባ በንጹሕ ውኃ ይጠቡት እንጂ ፈጽሞ አይሹት። በርሜሉን አስቀድመው ይክደኑ፤ ከጣሪያ ውኃ የሚያወርደውንም አሸንዳ ይንቀሉ። ጣሪያውን ሲጠርጉ አቧራው እንዳይነሣ ጥቂት ውኃ ማርከፍከፍ ይበቃል፤ የራሰ አመድ እጅግ ስለሚከብድ ቆርቆሮ ያጎብጣል። አፍና አፍንጫዎን በጭምብል ይሸፍኑ፤ ቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለ ወደ ደጅ አይውጣ።

ቅልጡ ድንጋይ ራሱ ከአፋር ሜዳ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ከፍታ ሽቅብ አይፈስም፤ በዚህ አይስጉ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከብቱ ነው። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ያለው ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሕንድ ደርሷል፤ በአፍዴራ በኩል ያሉ አርብቶ አደሮች ግን ግጦሻቸው አመድ ለብሶ ቀረ። አመድ ያለበት ሣር የከብትን ጥርስ ይሞርዳል፣ ሲበዛ ከብትን የሚጎዳ ፍሎራይድ የተባለ ንጥረ ነገርም ሊይዝ ይችላል። ላም ካለዎት ድርቆሹን ከአሁኑ ሸራ ያልብሱት።