የጥናት ሌሊት፣ ጫትና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

በጤና ጣቢያ የምሠራ የጤና መኮንን ነኝ። «ዶክተር» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ፣ ማዕረጉ አይገባኝም። ወደ ጥያቄዎቹ ልለፍ።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ጓደኞቼ ጫት እየቃሙ ሌሊቱን ሲያጠኑ ያነጋሉ። እውነት ይጠቅማል?

መልስ፦ እንቅልፍ ያባርራል፤ በዚህ አልከራከርም። በለጋው ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ ዕፅ የቅርብ ዘመድ ነው፤ የልብ ምት ያፈጥናል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ነገር ግን ያጠናኸው ትምህርት በአእምሮህ የሚጸናው ስትተኛ ነው፤ በአንተ ዕድሜ ያለ ልጅ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። በምርቃና ጊዜ ሁሉም የገባህ ይመስልሃል፤ ፈታኙ ግን ምርቃናህን አይጠይቅህም። እኔን ከቅጠሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ተከትሎት የሚመጣው ነው። ለምርቃናው ሲጋራ ይጨመራል፣ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይባልና መጠጥ ይቀርባል፤ ከመጠጡ በኋላ ኮንዶም የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ወላጆች አንዱን ለይተው ይቆጣሉ፤ ልጆቹ ግን ሁሉንም በአንድ ምሽት ያገኙታል።

ጥያቄ፦ የሺሻ ጭስ በውኃ ስለሚያልፍ ከሲጋራ አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያስቀርም፤ የከሰሉ ፍም ራሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። በነገራችን ላይ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ትምባሆም ሆነ አልኮል ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥ ክልክል ነው። በየትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ሲጋራ በፍሬ የሚሸጡት ይህን የሰሙ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ፖስት ፒል (ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እንክብል) ደጋግሜ ወስጃለሁ። መካን ያደርገኛል?

መልስ፦ አያደርግሽም፣ እህቴ። የወር አበባሽን ግን ሊያዛባ ይችላል፤ ለዘወትርም አስተማማኝ አይደለም። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው ወይም መርፌው እጅግ ይሻላል። እንክብሉ ኤችአይቪን አይከላከልም። ለቫይረሱ ተጋልጬ ይሆናል ብለሽ ከሠጋሽ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ድረሺ፤ የሚጀመር መድኃኒት አለ። በቶሎ በመጣሽ መጠን ይበጃል።

ጥያቄ፦ በልጄ ኪስ ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ አገኘሁ። አባቱ ይግረፈው ይላል።

መልስ፦ እንዳይነኩት፣ እናቴ። መጀመሪያ ከመቼ ጀምሮና ስንት ስንት እንደሚወስድ በእርጋታ ይጠይቁት። መድኃኒቱ ከመጠጥ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ሊያቆም፣ ሲበዛም ሰውነት ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ልጅ ደግሞ በድንገት ሲከለከል ይሠቃያል፤ ስለዚህ የሚቀንሰው በሐኪም ክትትል ነው። ሲቀሰቅሱት አልነቃ ካለ ግን ጥያቄውን ትተው ወደ ድንገተኛ ክፍል ያድርሱት፤ የእንክብሉን ማሸጊያም ይያዙ።