መልስ፦ ከየትኛው ዛፍ እንጀምር?

ወንድሜ፣ በጅማ ዞን ያለውን «በለጠ-ጌራ» የተባለ ጫካ ለመንከባከብ ያላችሁ ገንዘብ ለሁሉም ዛፍ ስለማይበቃ የትኛው ይቅደም ብለሃል። እኔ ሾላንና ወርካን አስቀድማለሁ። ሌላው ዛፍ ፍሬ በሌለው ወቅት ጭምር ስለሚያፈሩ ወፉንም ጦጣውንም ያኖራሉ፤ እነዚህ እንስሳት ደግሞ የሌላውን ዛፍ ዘር ይበትናሉ።

ከዚያ የትኛው ዛፍ ተተኪ እንዳለው ቁጠሩ። 20 በ20 ሜትር ቦታዎች ለክታችሁ ትልቁን፣ ወጣቱንና ችግኙን ለየብቻ መዝግቡ። ቀረሮ ወይም ጥቁር እንጨት የተባለው የዛፍ ዓይነት ግዙፍ ዛፎች እያሉት ችግኝ ከሌለው አስቸኳዩ እሱ ነው። የሚያሳዝነው ነገር፣ ከላይ ሲያዩት ጫካው ሙሉ ይመስላል፤ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ለሚበቅለው ቡና ተብሎ ሥሩ ሲመነጠር ግን ችግኙ አብሮ ይታጨዳል። ስለዚህ ከምንጣሮ በፊት ችግኙ እንዲታይ አጠገቡ ካስማ ትከሉ። የጥቁር እንጨት ዘር ከደረቀ ቶሎ ይሞታል፤ በለቀማችሁበት ሰሞን ዝሩት። ብሳና በራሱ ይበቅላል፣ ገንዘብ አታውጡበት።