ሬጉላር ለሚበቃው መኪና ፕሪሚየም መሙላት ይጠቅማል? ጥያቄና መልስ

የምተዳደረው በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ መኪና በመጠገን ነው። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ታክሲ፣ ኡበርና ሊፍት የሚነዱ ወገኖቻችን ናቸው። ለሊቱን ሙሉ ሠርተው ያገኙትን ገንዘብ ለማይጠቅማቸው ነዳጅ ሲያፈሱ ማየት ያንገበግበኛል። የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። ለማያውቅ፦ ማደያው ላይ የሚጻፉት 87 እና 93 የቤንዚኑ ኦክቴን ቁጥር ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ 87 ርካሹ ሬጉላር፣ 91 ወይም 93 ደግሞ ውዱ ፕሪሚየም ነው።

ጥያቄ፦ የ2019 ካምሪ አለኝ። መመሪያው 87 ሙላ ይላል። 93 ብሞላባት ጉልበት ትጨምራለች? ሞተሯስ ይበረክታል?

ሁለቱም የለም፣ ወንድሜ። ኦክቴን የነዳጁን ጉልበት የሚናገር ቁጥር አይደለም። ቤንዚን ከአየር ጋር ሲሊንደር ውስጥ ሲታመቅ ይግላል። ካንዴላው የለኮሰው እሳት ሳይደርስበት በሙቀቱና በግፊቱ ብዛት በራሱ ቦግ ካለ ሞተሩ ያንኳኳል። ኦክቴኑ ከፍ ያለ ቤንዚን ይህን ይበልጥ ይቋቋማል፤ ሥራው ይኸው ነው። ያንተ ካምሪ ደግሞ በ87 እንዳታንኳኳ ሆና ተሠርታለች። በሌለ ችግር ላይ መድኃኒት እየገዛህላት ነው።

የአሜሪካ አሽከርካሪዎች ማኅበር ትሪፕል ኤ በ2016 ይህንኑ ፈትሾታል። ለሬጉላር የተሠሩ ባለ 8፣ ባለ 6 እና ባለ 4 ሲሊንደር መኪኖችን በሁለቱም ነዳጅ ለክቶ በጉልበትም፣ በነዳጅ ፍጆታም፣ በጭስም ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላገኘም። በአንድ ዓመት ውስጥ አሜሪካውያን በዚህ መንገድ ያባከኑትን ገንዘብ 2.1 ቢሊዮን ዶላር ገምቶታል።

ጥያቄ፦ እኔ ግን ፕሪሚየም ስሞላ ማይሉ ሲጨምርልኝ በዓይኔ አይቻለሁ። ኡበር ነው የምነዳው።

ያየኸውን አልክድም፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። አንዱ ሳምንት ወደ ደለስ ኤርፖርት ረጅም ጉዞ ይበዛዋል፣ ሌላው ከተማ ውስጥ መብራት ላይ መቆም ነው። ብርድ፣ የጎማ ንፋስና ኤሲ ደግሞ ፍጆታን በደንብ ይለዋውጣሉ። በትክክል መለካት ከፈለግህ ታንኩን ጢም አድርገህ ሙላ፣ ማይሉን መዝግብ፣ ሲያልቅ እንደገና ጢም አድርገህ ሞልተህ በገባው ጋሎን አካፍል። ይህን በሁለቱም ነዳጅ ለየብቻ ደጋግመህ አድርገው።

ሂሳቡንም አብረን እንየው። በሳምንት 40 ጋሎን የምትሞላ ከሆነና የዋጋው ልዩነት በጋሎን 90 ሳንቲም ቢሆን፣ በሳምንት 36 ዶላር ነው። 50 ሳምንት ስትሠራ 1,800 ዶላር ይሆናል። በዚህ ገንዘብ ዘይት በሰዓቱ ትቀይራለህ፣ አራት ጎማም ትገዛለህ። መኪናህን የሚያበረክታት ይኼ ነው።

ጥያቄ፦ ሃይብሪድ ካምሪ ኮምፕሬሽኑ፣ ማለትም ሲሊንደር ውስጥ ያለው የሚታመቅበት ልክ፣ 14 ለ 1 ነው ሲሉ ሰማሁ። ታዲያ ፕሪሚየም አያስፈልገውም?

ቁጥሩ ልክ ነው፤ ቶዮታ ግን ለዚያ ሞተር 87 ይበቃል ይላል። የአየር ማስገቢያ ቫልቩ ዘግይቶ ስለሚዘጋ በተግባር የሚታመቀው አየር ቁጥሩ የሚያስመስለውን ያህል አይደለም።

ጥያቄ፦ የኔ ማዝዳ ቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው ነው። መመሪያው ሁለቱንም ይፈቅዳል።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ይለወጣል። ባለ 2.5 ሊትሩ የማዝዳ ቱርቦ በ2016 ሲኤክስ 9 ላይ ሲመጣ በ87 ቤንዚን 227 የፈረስ ጉልበት፣ በ93 ደግሞ 250 ይሰጥ ነበር። የሞተሩ ኮምፒዩተር የማንኳኳት ምልክት ሲሰማ የካንዴላውን ብልጭታ ያዘገያል፤ ሞተሩ ይድናል፣ ጉልበቱ ግን ይቀንሳል። በፕሪሚየም ማዘግየቱ አያስፈልገውም። ተራራ የምትወጣ ወይም ተጎታች የምትጎትት ከሆነ ይሰማሃል፤ ሥራ ደርሰህ ለመመለስ ግን ሬጉላር በቂ ነው።

መመሪያችሁ ፕሪሚየም «ሪኮሜንድድ» (ይመከራል) ካለ ምርጫው የናንተ ነው። «ሪኳየርድ» (የግድ ያስፈልጋል) ካለ ግን ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ ያገለገለ መርሴዲስ ገዛሁ። የነዳጅ ክዳኑ ላይ ፕሪሚየም ብቻ ይላል። ሬጉላር እየሞላሁ ብቆጥብስ?

አይሆንም፣ እህቴ። እዚህ ላይ ቁጠባው ጉዳት ያመጣል። ኮምፒዩተሩ የሚችለውን ያህል ይከላከላል፤ ሙቀትና ጭነት ሲበዛ ግን የማንኳኳቱ ግፊት ፒስተን እስከ መብሳት ሊደርስ ይችላል። ያንቺ መኪና ፕሪሚየሟን ትጠጣ።

ጥያቄ፦ ዴንቨር ነው የምኖረው። እዚህ ሬጉላሩ 85 ነው። ልጠቀምበት?

ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀው ግፊት ይቀንሳል፣ ማንኳኳትም አብሮ ይቀንሳል። 85 እዚያ መሸጥ የጀመረው ለካርቡሬተር ዘመን መኪኖች ነው። የዛሬ መኪኖች መመሪያ ግን በአብዛኛው ቢያንስ 87 ይላል፣ ቱርቦ ያለውማ የጎደለውን አየር ራሱ ገፍቶ ስለሚያስገባ ከፍታው ብዙም አያግዘውም። 87ቱን ሙላ። እዚያ 87 ማለት መካከለኛው ቁልፍ ነው።

ጥያቄ፦ ፕሪሚየም ሞተር ያጸዳል ይባላል።

የሚያጸዳው ኦክቴኑ አይደለም፤ ነዳጁ ውስጥ የሚጨመረው ማጽጃ ነው። ከ1995 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ በሚሸጥ ቤንዚን ሁሉ ውስጥ ዝቅተኛ መጠን ማጽጃ እንዲኖር ሕጉ ያስገድዳል። ይህ መጠን አንሷል ያሉ መኪና አምራቾች በ2004 ቶፕ ቲየር የሚባለውን የተሻለ ደረጃ አወጡ። ቶፕ ቲየር የሆነ ማደያ በሬጉላሩም በፕሪሚየሙም ውስጥ ማጽጃውን መጨመር አለበት። ስለዚህ ምልክቱን ማደያው ላይ ፈልጉና ሬጉላሩን ሙሉ። ነዳጁ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ብቻ የሚረጭበት ሞተር ከሆነ ግን የማስገቢያ ቫልቩን ነዳጅ ስለማያገኘው የትኛውም ቤንዚን አያጸዳውም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የ2004 ኮሮላዬ ከ200,000 ማይል በላይ ሄዳለች። ዳገት ላይ ታንኳኳለች። ፕሪሚየም ስሞላ ዝም ትላለች።

ጋሼ፣ ዝም ማለቷ እውነት ነው፤ ሕመሙ ግን አልዳነም። በዕድሜ ብዛት ሲሊንደሩ ውስጥ ካርቦን ሲጋገር ቦታው ይጠባል፣ እምቀቱም ይጨምራል፤ የጋገረው ካርቦንም ራሱ ይግላል። ሌላም ምክንያት አለ፦ ራዲያተሩ በደንብ አያቀዘቅዝ ይሆናል፣ ካንዴላዎቹ አርጅተው ወይም የማይስማማ ዓይነት ገብቶ ይሆናል፣ ማንኳኳቱን የሚያዳምጠው ሴንሰር ሞቶ ይሆናል፣ የነዳጅ ግፊቱ አንሶ ሞተሩ በቂ ቤንዚን አያገኝ ይሆናል። መጀመሪያ እነዚህን ያስፈትሹ። እስኪሠራልዎ ድረስ ፕሪሚየሙን መሙላትዎ አይከፋም፤ ቢያንኳኳም እየተነዳ ከሚቆይ ይሻላል። የሚሠራልዎ ሰው ሳይፈትሽ «ፕሪሚየም ሙሉ» ብቻ ብሎ ከሸኘዎ ሌላ ጋራዥ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነኝ። ከአሜሪካ የመጣ መኪና ገዛሁ፣ መመሪያው 87 ይላል። እዚህ ግን 91፣ 95 እና 98 ነው ያለው።

አለካኩ ይለያያል። ዱባይ ማደያ ላይ የሚጻፈው ሮን የሚባለው ቁጥር ነው፤ አሜሪካ የሚጻፈው ደግሞ የሮንና ሞን የተባለ ሌላ፣ ጠንከር ያለ መለኪያ አማካይ ስለሆነ ያንሳል። የአሜሪካው 87 ከዱባዩ 91 ጋር ይቀራረባል፤ የአሜሪካው 91 ደግሞ 95 አካባቢ ነው። አንተ 91ዱን ሙላ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ለእናቴ የገዛሁላት ቪትዝ ዳገት አልችል አለች። ከነዳጁ ይሆን?

ከኦክቴኑ አይመስለኝም። ቪትዝ የተሠራችው ለጃፓን ሬጉላር ሲሆን የዚያ ዝቅተኛው ልክ 89 ሮን ነው። የአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ ማንኳኳትን ይቀንሳል እንጂ አያብስም። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ ሞተሯም ትንሽ ናት። ግን ከድሮው ይልቅ አሁን ከደከመች የአየር ፊልትሮዋን አስቀይርላት፤ በአቧራ የታነቀ ፊልትሮ ያለውን ስስ አየር ይከለክላታል። ቀጥሎ ካንዴላዎቹን፣ ከዚያ የነዳጅ ፊልትሮዋን አሳያት።

ጥያቄ፦ ፕሪሚየም ግዴታ በሆነበት መኪና ላይ በስህተት ግማሽ ታንክ 87 ሞላሁ። ላስቀዳው?

አታስቀዳው። ሞተሩን ሳትጨክንበት ንዳ፣ ቀሪውን በ93 ሙላው። እኩል በእኩል ሲቀላቀሉ 90 አካባቢ ይሆናሉ። ቼክ ኢንጂን ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ ግን ዳር ይዘህ አጥፋውና ደውልልኝ።